በነሐሴ የተመዘነ ኮከብ

ቆቦ ውስጥ በኖርሁበት ሃያ አምስት ዓመት ከኋላዬ ምን ይባል እንደ ነበር አውቃለሁ። «ያቺ ጎጃሜ አስተማሪ ኮከብ ትቆጥራለች» ይባል ነበር። በሬን አንኳኩተው «እስቲ የልጄን ኮከብ እይልኝ፤ ከሚያገባት ሰው ጋር ይገጥም እንደሆነ» ያሉኝ እናቶች አሉ። የኮከብ ቆጣሪ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ብረግጥም የንስሐ አባቴን ፊት ማየት አልችልም። እየሳቅሁ «እኔ ኮከብ እመዝናለሁ እንጂ አልቆጥርም» አልኋቸው። መልሱ ነገሩን አባባሰው። በማግስቱ «መመዘንም ጀምራለች» ተባለ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። የላቦራቶሪውን ቁልፍና በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ሚዛን በሦስት ቅጂ ፈርሜ አስረከብሁ። የጡረታውን ወረቀት ለማስጨረስ የተመላለስሁትን ብጽፍ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋልና ልተወው። ስለ ሚዛኑ ግን መጻፍ አለብኝ። ምን እመዝንበት እንደ ነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸው አርፈዋል።

የተወለድሁት ብቸና ነው። ተምሬ እንደ ጨረስሁ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። አለቃዬ ዶክተር ገብረየስ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሹራባቸው ክርን ሁልጊዜ የተጣፈ ሰው ናቸው። ከተቀጠርሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ያስተማሩኝ እጅ መታጠብ ነው። ከዚያ ማድረቅ። እጃቸውን ታጥበው በራሳቸው መሐረብ ጣት በጣት ያደርቁና መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ይፈትሹ ነበር።

«ለወረቀት ከእሳት ይልቅ ውሃ ይከፋል» ይሉኝ ነበር። «እሳት ሲነካው ታያለሽ። ውሃ ሲገባው አታይም።»

ይህን ቃል ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። ጽፌ ረሳሁት።

ቁጥር የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ ላጲስ ግን በክፍላቸው አልነበረም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ ቀጭን መስመር ይሠረዛል፤ ከመስመሩ ሥር ግን መነበብ አለበት። በየገጹ አናት ደግሞ የዕለቱ አየር ይጻፋል፤ ፀሐይ፣ ደመና፣ ነፋስ። እኔ ከቀኑ አጠገብ የዕለቱን ቅዱስ ስም እጨምር ነበር። አንድ ቀን አይተው ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ «ጥሩ ነው፤ ቀኑን ብትስቺ ቅዱሱ ያርምሻል» አሉኝ።

ቁጥር ይዤላቸው ስሄድ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ከማን ጋር?» ይላሉ። ብቻውን የተለካ ነገር አይወዱም። የዛሬውን ለክተሽ ከሆነ የትናንቱንም ዛሬ አብረሽ ለኪው ማለታቸው ነው።

የእሳቸው ዋና ሥራ አንዲት ኮከብ ነበረች። ወጣት ሳሉ ባሕር ማዶ ሲማሩ ያጠኗት ናት፤ ቁጥር እንጂ ስም የላትም። እኔ እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ሲያረጅ የውጭ ልብሱን ያወልቃል። የወለቀው ጋዝ እየሰፋ ይሄዳል፤ መካከል ላይ ትንሽ፣ እጅግ የጋለ እምብርት ይቀራል። እምብርቱ ጋዙን ያበራዋል። ይህንን ፕላኔታዊ ኔቡላ ይሉታል። ከፕላኔት ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የድሮ ሰዎች በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲያዩት ክብ ሆኖ ስለ ታያቸው የወጣለት ስም ነው፤ በዚያው ቀረ።

እንዲህ ያለ ነገር ለመለወጥ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። የዶክተር ገብረየስ ኮከብ ግን ችኩል ነበረች። በሰው ዕድሜ ውስጥ ትለወጣለች ብለው ያምኑ ነበር፤ የሚያምኗቸው ግን ጥቂት ነበሩ። ብርሃንዋ ሲተነተን መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ መስመር አለው። እሳቸው የሚከተሉት ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንዱ የሃይድሮጅን፣ ሌላው የኦክስጅን። እምብርቱ ሲግልና ጋዙ ሲለወጥ የኦክስጅኑ ከሃይድሮጅኑ አንጻር ያድጋል ወይም ያንሳል። የድሮ ባልደረባቸው በየዓመቱ በዚያው ቴሌስኮፕ፣ በዚያው መሣሪያ ያነሣትና ሥዕሏን በመስታወት ላይ ይልክላቸው ነበር። ከመስታወቱ ጋር በጥቅል ወረቀት ላይ የተሣለ ግራፍ ይመጣል። በግራፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች እንደ ሁለት ተራራ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

የተራራው ስፋት የብርሃኑ መጠን ነው። ስፋቱን ለማወቅ ዛሬ ኮምፒዩተር አለ። ያኔ አልነበረንም። ተራራውን በምላጭ ከወረቀቱ ቆርጠን እንመዝነው ነበር። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ሰፊው ይከብዳል፤ ጠባቡ ይቀላል። የኦክስጅኑን ክብደት ለሃይድሮጅኑ ማካፈል ነው። ኮከብ እመዝናለሁ ማለቴ ይህ ነው።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ የሥራ መደቤ ታጠፈና በዝውውር ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። ከአውቶብስ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ። ምሥራቁን የዞብል ተራራ ይዞታል፤ ምዕራቡን ደጋው ይዞታል፤ መካከሉ ሜዳ ነው። የያዝሁት ጋቢ ሁለት ዓመት ከሳጥን አልወጣም።

ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ በአቧራ ልብስ የተሸፈነ የኬሚስትሪ ሚዛን አገኘሁ። ባለ መስታወት ሳጥን፣ ሁለት ሳህን፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚለይ። ርዕሰ መምህሩን እንዲከፍቱልኝ ጠየቅኋቸው።

«የለም፣ የለም» አሉኝ። «ከመጣ ጀምሮ አልተነካም። ኢንስፔክሽን ሲመጣ እናሳየዋለን።»

«ካልተሠራበት ምን ያደርጋል?»

«ከተሠራበት ይበላሻላ!»

አንድ ወር ለመንኋቸው። በመጨረሻ ቢሰበር ኃላፊነቱ የኔ እንደሆነ አስፈርመው ከፈቱልኝ። ያን ቀን ለዶክተር ገብረየስ ጻፍሁላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የግራፎቹ ጥቅል በፖስታ መጣ፤ የዩኒቨርሲቲው ሚዛን ከተበላሸ ዓመት አልፎት ነበር፤ እኔም በሥራው ላይ ቀረሁ። ክፍያ አልነበረውም። አልጠየቅሁም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜዬ ሲያልቅ መስኮቶቹን እዘጋለሁ፤ የቆቦ ነፋስ አሸዋ ብቻ ሳይሆን ቁርጥራጭ ወረቀትም ይወስዳልና። እጄን ታጥቤ አደርቃለሁ። ተራራውን በአዲስ ምላጭ እቆርጣለሁ። ምላጩ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል። ቁራጩን በወረንጦ አንሥቼ ሳህኑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሳጥኑን ዘግቼ መርፌው እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ከዚያ የዚያኑ ግራፍ ሌላውን ተራራ ወዲያው እቆርጣለሁ፤ እመዝናለሁ። ሁለቱን በአንድ ፖስታ አድርጌ ዓመቱን እጽፍበታለሁ። አንድም ቁራጭ ጥዬ አላውቅም።

በበዓላት ቀን ምላጭ አልይዝም። የሚካኤል፣ የገብርኤል፣ የማርያም፣ የባለ እግዚአብሔር ቀን ስለት ያለው ነገር መንካት ከልጅነቴ አልተማርሁም። መመዘን ግን እንደ ማንበብ ነው፤ አይከለከልም ብዬ አስብ ነበር።

የድሮዎቹን ዓመታት ግራፎች በሦስት በጋ ጨረስሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። መጀመሪያ የኦክስጅኑ ተራራ ከሃይድሮጅኑ አጠገብ እንደ ልጅ የቆመ ነው። ዓመት በዓመት ያድጋል። ዶክተር ገብረየስ ሃያ ዓመት «ትለወጣለች» ሲሉ የኖሩት እውነት ሆነ። በስልክ ስነግራቸው «ከማን ጋር?» አሉኝ። «ከጎረቤቱ ጋር፣ በአንድ መቀመጫ» አልኋቸው። ሳቁ። ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

ጎረቤቴ ዘይነባ በርበሬ ነጋዴ ናት። አንድ ግቢ ውስጥ ነው የኖርነው፤ በእድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። አንድ ሳምንት ዋጃ፣ አንድ ሳምንት ጎብዬ ወርዳ ከገበሬ ትገዛለች፤ ቆቦ ገበያ ትሸጣለች። የኔን ወረቀት እያየች ትቀልድብኛለች።

«አስኬ፣ ዛሬ ኮከብሽ ስንት መዘነ?»

«ከትናንት ትንሽ ከበደ።»

«ወላሂ አንቺ ደህና ነጋዴ ይወጣሽ ነበር። የማይታይ ዕቃ ትመዝኛለሽ፤ ገዥ የለሽም፤ አትከስሪም!»

አሁን ጥፋቴን ልጻፍ።

የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ግራፎች አንድ ላይ የደረሱኝ በግንቦት መጨረሻ ነው። ዶክተር ገብረየስ በመስከረም ውጭ አገር ጉባኤ ላይ ሊያነቧቸው ፈለጉ። «የምቸኩልብሽ አይደለሁም፤ ዘንድሮ ግን ቸኩያለሁ» ብለው ጻፉ። ሰኔ ፈተና ነው፤ በዚያ ላይ በዓላቱ ይበዛሉ። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ሱባዔ እገባለሁ። ስለዚህ ጊዜዬን በጥንቃቄ ከፋፈልሁት። ምላጭ በሚያዝበት ቀን ሁሉንም ልቁረጥ፤ ምላጭ በማይያዝበት ቀን ልመዝን አልሁ። በሰኔ አሥሩንም ተራራ ቆረጥሁ። የሃይድሮጅኖቹን አምስት እዚያው ሰኔ ላይ መዘንሁ። የኦክስጅኖቹን በየፖስታቸው አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርሁ። ከሱባዔ ስወጣ፣ በነሐሴ መጨረሻ መዘንኋቸው። ልማዴን ያፈረስሁት ያን አንድ ጊዜ ነው፤ ሥርዓት ያለው መስሎኝ ነበር።

ቁጥሮቹ አማሩ። የኦክስጅኑ ተራራ እንደ ቀድሞው ማደጉን ቀጥሏል። ላክሁላቸው። በጉባኤው ላይ «ኮከቧ ገና እየጋለች ነው» ብለው አነበቡ።

ዓመት ሳይሞላ ሌሎች ሰዎች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያቺኑ ኮከብ ለክተው ጻፉ። በነሱ ልኬት የኦክስጅኑ መስመር ወደ ታች እየወረደ ነበር። በጽሑፋቸው መጨረሻ በትሕትና አንድ ነገር ጨመሩ፤ በመስታወት ላይ የተነሡት የድሮ ሥዕሎች ለእንዲህ ያለ ሥራ አይታመኑም አሉ።

በሐምሌ መጀመሪያ ደብዳቤ መጣልኝ። የዶክተር ገብረየስ ጽሕፈት እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አስካለ፣ ሰዎቹ ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ ያ መሣሪያ አርጅቶ ሳላውቅ ሳምነው ኖሬአለሁ። የሠላሳውን ዓመት ሥራ በሙሉ ስህተት ነው ብዬ አንሥቻለሁ። መስታወቶቹ ያሉበት መጋዘን ለሌላ ሥራ ይፈለጋል፤ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሐሙስ ያወጣቸዋል፤ እኔም ፈርሜአለሁ። አንቺ ዘንድ ያሉት ወረቀቶች ከማድቤት እሳት በቀር ለምንም አይጠቅሙም። እጅሽን ግን አመሰግናለሁ።»

የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ፖስታዎቹን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኋቸው። ሰው ያዘዘውን መፈጸም ልማዴ ነው፤ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ነገ አልሁ።

ረቡዕ ጠዋት በርበሬ ልገዛ ወደ ዘይነባ መደብር ሄድሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገበያው ጭቃ ነበር። አንድ የጎብዬ ገበሬ ጆንያ አውርዶ ከእሷ ጋር ይጨቃጨቃል።

«በኪሎ ውሰጂ እንጂ እትዬ! ሚዛን ፊት ለፊትሽ አለ!»

«በሐምሌ በኪሎ? በቁና ነው የምወስደው።»

«ሚዛን አታምኚም?»

«ሚዛኑንማ አምናለሁ፤ በርበሬህን ነው የማላምነው!» አለች ዘይነባ፤ አንድ ዛላ አንሥታ ጣቷ ላይ እንደ ክር ጠቀለለችው። «እየው፣ ይታጠፋል። በግንቦት ቢሆን ቀጭ ይል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ አድሮ ውሃ ልትሸጥልኝ ነው? ያው በርበሬ ነው፤ አንድ ዛላ አልጨመርህበትም፤ ግን በሰኔ ሠላሳ ኪሎ የነበረው ዛሬ ሠላሳ ሁለት ነው!»

ገበሬው ሳቀ። «ዘይነባን ማታለል አይቻልም።»

«አላህ አሳየኝ እንጂ እኔማ ተታልዬ ነው የተማርሁት። ምን ሆነሽ አስኬ? ፊትሽ አመድ መሰለ!»

በርበሬውን ሳልገዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ክረምት ስለሆነ ግቢው ባዶ ነው። ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብዬ ሚዛኑን ከፈትሁ። ያለፈውን ዓመት ሰኔ የመዘንሁትን አንድ የሃይድሮጅን ቁራጭ ከፖስታው አወጣሁ። ክብደቱ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ቁራጩን ማንም አልነካው፤ ማንም አልቀጠለበት። ሳህኑ ላይ አደረግሁት።

ከተጻፈው በለጠ።

ሌላ መዘንሁ፤ በለጠ። አምስቱንም መዘንሁ፤ አምስቱም በለጡ። አንዱን ወስጄ ከሰል ላይ በሞቀ ብረት ድስት ውስጥ አኖርሁትና እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ እንደገና መዘንሁት። ወደ ሰኔው ቁጥር ተመለሰ።

ውሃው ነበር። የሃይድሮጅኖቹ በቆቦ ሰኔ፣ ወረቀት እንደ ቅጠል በሚንኮሻኮሽበት ሙቀት ተመዘኑ። የኦክስጅኖቹ ከዝናቡና ከጎርፉ በኋላ፣ አየሩን ጠጥተው ተመዘኑ። ኮከቧ ከበደች ያልሁት ነሐሴን መዝኜ ነው። መሣሪያው አላረጀም፤ መስታወቶቹ አልዋሹም።

ከሠርክ ጸሎት በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። እውነቱን ልናገር፤ የሄድሁት ከመናገር የሚያድነኝ ነገር ፍለጋ ነው። ዶክተር ገብረየስ መሣሪያውን ተጠያቂ አድርገዋል፤ ነገሩ ተዘግቷል፤ ጥንቁቋ አስካለ ጥንቁቅ ሆና ትቀር ነበር።

ሁሉንም ነገርኋቸው። «አባ፣ ለቅዱሳኑ ብዬ ያደረግሁት ነው» አልሁ።

ጺማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ። «በበዓል ምላጭ አትያዢ ያለሽ ማን ነው?»

«እርስዎ ኖት፤ እናቴም።»

«አዎ። ሁለቱን በተለያየ ወር መዝኚ ያለሽስ?»

«ማንም።»

«እንግዲያስ ቅዱሳኑን አትጥሪብኝ። ሚዛን ያዛቡት እነሱ አይደሉም።» ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ለእኔ የምትነግሪኝ ንስሐ ሌላ ነው። ይህን ለባለቤቱ ንገሪ። ኮሚቴው መቼ ነው ያልሽኝ?»

«ነገ ጠዋት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቴሌ ሳይዘጋ ሂጂ!»

ቴሌ ተራ መጠበቅ ነበር። ተቀምጬ ዳዊት ልደግም ሞከርሁ፤ አንድ ቦታ ላይ እየተመላለስሁ ቀረሁ። «አዲስ አበባ፣ ሁለት ቁጥር!» ሲባል የስልኩ ሳጥን ውስጥ ገባሁ። እግዜር ይስጣት ቤታቸው ያለችው እህታቸው ጠራችልኝ።

«አስካለ! ደብዳቤዬ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል ዶክተር። ኮሚቴውን ያስቁሙልኝ። ጥፋቱ የመስታወቶቹ አይደለም፤ የኔ ነው።»

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኋቸው። ስጨርስ የጠየቁኝ ያንኑ የድሮውን ነው። «የነሐሴዎቹን ከማን ጋር መዘንሻቸው?»

«ከማንም ጋር» አልሁ። «ብቻቸውን።» እዚህ ላይ አለቀስሁ።

«የአየሩን ጽፈሻል?»

«ጽፌአለሁ። ሰኔ ላይ ፀሐይ፣ ነሐሴ ላይ ዝናብ ይላል።»

«ቁርጥራጮቹ አሉ?»

«አሉ። አላቃጠልኋቸውም።»

ሲተነፍሱ ሰማሁ። «ያልታዘዝሽኝ ይህን አንድ ጊዜ ነው» አሉ። «እኔም አልጠየቅሁሽም አስካለ። ሌላ ጊዜ ሁልጊዜ እጠይቅሽ ነበር። ቁጥሩ የምፈልገውን ሲነግረኝ ከማን ጋር ማለት ረሳሁ። ስለዚህ ለብቻሽ አትውሰጂው።»

«ሁለት ቁጥር፣ ሰዓት አልቋል!» አለ ኦፕሬተሩ።

ሐሙስ ጠዋት የኮሚቴው አባላት ወደ መጋዘኑ ሲመጡ ዶክተር ገብረየስ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ አገኟቸው። «እርስዎ ራስዎ ፈርመዋል እኮ» ቢሏቸው «ፈርሜአለሁ፤ አሁን ደግሞ ተቀምጫለሁ» አሏቸው አሉ። ይህን የነገረችኝ እህታቸው ናት። እሳቸው አንሥተውት አያውቁም።

በጥር መጡ፤ ቆቦን ያዩት ያን አንድ ጊዜ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው ላይ ማሽላው ታጭዶ። ዘይነባ ግቢ ውስጥ ስታያቸው ከላይ እስከ ታች መረመረቻቸው።

«አንቱ ኖት ኮከቡን የሚልኩላት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው እኮ ጤፍ ይልካል!»

«ጤፉ በኪሎ ይሁን በቁና?» አሏት። ነግሬአቸው ነበር።

ዘይነባ በሳቅ ተንከተከተች። «በጥርማ በወደዱት!» አለች።

ሦስት ቀን መዘንን። ፖስታዎቹን ሁሉ፣ የድሮዎቹንም ጭምር፣ ሳጥኑ አጠገብ ዘርግተን አንድ ቀን አሳደርናቸው፤ ሁሉም አንድ አየር እንዲጠጡ። ከዚያ ጥንድ ጥንዱን በአንድ መቀመጫ። እኔ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ስንቀያየርም እጃቸውን ታጥበው መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። ጸጉራቸው ነጭ ሆኖ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጥቦቹን በእርሳስ አንድ ላይ አገጣጠሟቸው። መስመሩ ዓመት በዓመት ይወጣል፤ ይወጣል፤ ከዚያ ይለዝባል፤ ይታጠፋል። ከመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት ጀምሮ ወደ ታች ነው። ሰዎቹ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያቸው መለካት የጀመሩት ከታጠፈች በኋላ ነበር፤ ስትወርድ እንጂ ስትታጠፍ አላዩም። ስትወጣም፣ ስትታጠፍም ያያት ያ የማይታመን የተባለው መስታወት ብቻ ነው።

ዶክተር ገብረየስ እርሳሱን አስቀመጡ። «ታጠፈች» አሉ። መሐረባቸውን አውጥተው እጃቸውን ማድረቅ ጀመሩ፤ እጃቸው ግን ደረቅ ነበር።

የተሳሳተውን ገጽ ቀድጄ በንጹሕ ልጽፈው ስጠይቃቸው ተቆጡኝ፤ የተቆጡኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አንድ መስመር!» አሉኝ። «ከሥሩ ይነበብ!» እንዳሉኝ አደረግሁ።

ባሳተሙት ማረሚያ ስህተቱ እንዴት እንደ ተፈጠረ ሳይደብቁ ጻፉ፤ የኔንም ስም ከስማቸው ጎን አደረጉት። በመጨረሻው መስመር «ስለ እርጥበት ላሳሰቡን ለቆቦዋ የበርበሬ ነጋዴ ለወይዘሮ ዘይነባ» ምስጋና አቀረቡ። ተርጉሜ ሳነብላት ወረቀቱን ተቀብላ ገለባበጠችው።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት።

«ማሻአላህ። በርበሬዬ ደህና መሆኑን ግን አልጻፉትም!»

እነዚያ ሰዎችም ቁጥሮቹን እንድንልክላቸው ጠየቁን፤ ላክንላቸው። ከዚያ በኋላ ግራፉ ጥቂት ዓመት መጣ፤ ቴሌስኮፑ ሲዘጋ ቆመ። ባጃጅ ቆቦ ሲገባ፣ ኮምፒዩተር ትምህርት ቤታችን ሲደርስ፣ ሚዛኑ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ዋለ። ዶክተር ገብረየስ ያረፉት ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት ነው። ለቀብራቸው አልደረስሁም፤ ፍትሐት አስደረግሁላቸው። መስታወቶቹ ግን አሉ፤ አንድ በአንድ ፎቶ ተነሥተው ኮምፒዩተር ውስጥ ገብተዋል።

በዚህ ክረምት፣ ልክ ርክክቡን በጨረስሁበት ሳምንት፣ ደብተሮቼን ለማኅደር ሊወስዱ አንድ ሰው ከዩኒቨርሲቲው መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ገጽ በገጽ ሲያዩ ቆይተው አንዱ ላይ ቆሙ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይህ ገጽ ሙሉ በሙሉ ተሠርዟል። ለመዝገቡ ውበት በንጹሕ ላስገልብጠው?»

ዝናብ ሊመጣ ስለ ነበር መስኮቱን ልዘጋ ተነሣሁ። «አይሆንም» አልኋቸው። «ዛሬ የወሰዱበትን ቀንና አየሩን ግን ይጨምሩበት።»

ደብተሩ ክፍት ነበር፤ እርሳሱ አሁንም ይነበባል። ከመስመሩ ሥር አምስት ቁጥሮች አሉ። ከላያቸው በራሴ ጽሕፈት፦ «ነሐሴ ፳፬፣ ተክለ ሃይማኖት፤ ዝናብ።»